በበረዶው ቀን ፒክአፑ ላይ ስለነበሩት ጎማዎች

የምስክር ስም፦ ዓሪፋ ሙህዬ
ዕድሜ፦ 44
ሥራ፦ የበግ ሥጋ አከፋፋይና ሹፌር
አድራሻ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2025
ቃሉን የተቀበለው፦ የትራፊክ አደጋ መርማሪ ሲላስ ገብረክርስቶስ (ቃሉ በአማርኛ ተሰጥቶ በአማርኛ ተጽፏል)

ስሜ፣ ዕድሜዬና አድራሻዬ ከላይ እንደተጻፈው ነው። የምናገረው በገዛ ፈቃዴ ነው። ጠበቃ መያዝ እንደምችል ተነግሮኝ ለዛሬው አያስፈልገኝም ብያለሁ።

ባለቤቴ አብዱልባሲጥ ይባላል። የእሱ ታላቅ ወንድም ደግሞ ጀላልዲን ይባላል። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ጀላልዲንን ጋሽ ጀላል እያልኩ በአንቱታ ነበር የማናግረው። መርማሪው "እሳቸው" ብሎ መጻፍ ሲጀምር አስቁሜ "እሱ" ተብሎ እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

ሦስታችን በቨርጂኒያ ተራሮች ሥር፣ ከፍሮንት ሮያል ወጣ ብሎ፣ የበግ እርሻ አለን። ሥጋውን በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ላሉ ሱቆችና ምግብ ቤቶች በፒክአፕ እናደርሳለን። ፒክአፑ በጀላልዲን ስም የተመዘገበ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምነዳው ግን እኔ ነኝ። ከዋናው መንገድ ተነስቶ እስከ በጎቹ በረት ያለው መንገድ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃው መኪና ይውጣል። የቀረው መንገዳችን ሁሉ አስፋልት ነው። በዊንተር ደግሞ ያ አስፋልት በረዶ ይሆናል።

ባለፈው ኦክቶበር አሮጌዎቹ ጎማዎች ስላለቁ ሦስታችንም እዚህ አሌክሳንድሪያ ወደሚገኘው ወደ ዮኒ ጎሚስታ ሄድን። ጀላልዲን የፈለገው የጭቃ ጎማ ነበር። ጥርሱ የቡጢ ያህል ነው፤ በጥርስና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት ጣት ያስገባል። ዮኒ ያ ጎማ ጭቃ ላይ ወደር እንደሌለው፣ ነገር ግን ላስቲኩ በብርድ እንደሚደርቅና በረዶ ላይ እንደማይዝ ነገረን። እኔ ሌላውን መረጥኩ። እሱም ለኮረኮንች የተሠራ ነው፣ ግን ጥርሶቹ ላይ በቢላ የተሰነጠቁ የሚመስሉ ስስ መስመሮች አሉት፤ በረዶውን ነክሰው የሚይዙት እነሱ ናቸው። በጎኑ ላይ ተራራ ተስሎ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምልክት አለ። ጀላልዲን የእሱም ጎማ ላይ "ኤም" እና "ኤስ" የሚሉ ፊደላት እንዳሉ፣ ያም በእንግሊዝኛ "ማድ" እና "ስኖው"፣ ጭቃና በረዶ ማለት እንደሆነ ተከራከረኝ። ፊደሉን ብዙ ጎማ ላይ እንደሚጽፉት፣ የተራራው ምልክት ግን በረዶ ላይ ተፈትኖ ላለፈ ብቻ እንደሚሰጥ መለስኩለት። ይህን ያወቅሁት ከዚያ በፊት በነበረው ዊንተር ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ ላይ፣ መኪናው ተሽከርክሮብኝ ከሞት ከተረፍኩ በኋላ አንብቤ ነው።

ጀላልዲን ወደ ባለቤቴ ዞሮ "መኪናው የማን እንደሆነ ንገራት" አለው። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን መቁጠር ያዘ። እኔም "የሚነዳው ይምረጥ" አልኩ። የመረጥኩት ጎማ ተገጠመ።

እውነቱን ለመናገር የእኔ ጎማ ጭቃው ላይ አንድ ቀን አሳፍሮናል። ኖቬምበር ውስጥ ጀላልዲን ከበርክ ከተማ የመጡ እንግዶችን ይዞ እርሻው ሲገባ መሀል መንገድ ላይ ተዋጠበት። እንግዶቹ ወርደው በቆንጆ ጫማቸው ገፉለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወሬው በተነሳበት ቦታ ሁሉ "የዓሪፋ ጫማ" ነበር የሚለው ጎማውን። እኔ ችዬ አለፍኩ። ጭቃ ቢይዝህ ትገፋለህ ወይም ትራክተር ትጠራለህ፤ በረዶ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ጃንዋሪ ውስጥ እህቴ ወልዳ ላርሳት ሚኒያፖሊስ ሄድኩ። የተመለስኩት ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ማታ ነው፤ በረዶው መጣል ጀምሮ ነበር። በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት አሌክሳንድሪያ የምናደርሰው ሥጋ ነበረን። ከቤት ስወጣ ባለቤቴ ቀድሞኝ ወጥቶ የፒክአፑን በረዶ ጠርጎ ጨርሷል። ጎማዎቹ ግን ግማሽ ድረስ እንደተቀበሩ ነበሩ። በበረዶ ቀን ሁልጊዜ የምነዳው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን "ዛሬ እኔ ልንዳ፣ ከመንገድ ገብተሽ ደክሞሻል" አለኝ። አዘነልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ቤልትዌዩ ጨው ተበትኖበት ስለነበር ደህና ሄድን። ነገር ግን መኪናው ከሥሩ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። "ምንድነው ይሄ ድምፅ?" ብዬ ጠየቅሁት። "አስፋልቱ ነው፣ ጨዉ ነው" አለኝ።

አሌክሳንድሪያ ገብተን ቁልቁለቱን ስንጀምር መንገዱ ገና አልተጠረገም ነበር። ከታች መብራቱ ቀይ ሆነ። ባለቤቴ በዝግታ ነበር የሚነዳው፤ ፈጥኖ ነበር የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። ገና ከሩቅ ፍሬን ያዘ። ፍሬኑ ከእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፣ መኪናው ግን አልቀነሰም። መሪውን ቢያዞረው አልታዘዝ አለው። በጎኑ ዞሮ እየተንሸራተተ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደ። እዚያ አንዲት ሴት ቆማ ነበር። ሴትዮዋ አየችን። ልትሸሽ ስትል እግሯ አዳለጣት። የመኪናው የፊት ጎን እሷን ከአግዳሚ ወንበሩ ጋር አጣብቆ፣ የባለቤቴ በር ደግሞ የማቆሚያውን ምሰሶ መትቶ ቆመ።

በእኔ በኩል ያለው በር ተከፈተልኝ። ዞሬ ሄጄ ሴትዮዋ አጠገብ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። የምትናገረው በስፓኒሽ ነበር፤ ቋንቋዋን አልችልም። እጄን ያዘችኝ፣ ሻርፔን አውልቄ ከራሷ ሥር አደረግሁላት። ስሟ ብላንካ እንደሚባልና ከላንግሊ ፓርክ ወደ ሥራ እየመጣች እንደነበረ በኋላ ነው የሰማሁት። ከፊቷ አጠገብ የፒክአፑ የፊት ጎማ ነበር። ያየሁት ያኔ ነው። ያ ቡጢ የሚያህል ጥርስ፣ ክፍተቱ ሁሉ በረዶ ጠጥቶ ደልዳላ ሆኗል። እኔ የመረጥኩት ጎማ አልነበረም። አምቡላንሱ እስኪመጣ እጇን ይዤ ከጎማው ላይ ዓይኔን ማንሳት አልቻልኩም።

የሴትዮዋ እግር ሁለት ቦታ ተሰብሯል። የባለቤቴ ዳሌ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። የዮኒ ግቢ ቅርብ ስለነበረ ፒክአፑ ተጎትቶ እዚያ ገባ፤ ፖሊስ ምርመራ እስኪያደርግበት ማንም እንዳይነካው ታዘዘ። ትእዛዙ ሲሰጥ እኔም፣ ተደውሎለት የመጣው ጀላልዲንም ቆመን ሰምተናል።

አርብ ዕለት ከጁምዓ ሰላት በኋላ ፖሊስ ስለፈቀደልኝ የባለቤቴን መነጽር ከመኪናው ላወጣ ዮኒ ግቢ ሄድኩ። ጀላልዲን ፒክአፑን በክሪክ አንስቶ የፊቱን ጎማ ሲፈታ ደረስኩ። እኔ የመረጥኳቸው ጎማዎች ከራሱ መኪና ኋላ ተጭነዋል። በኋላ እንደሰማሁት፣ ጃንዋሪ ውስጥ እኔ ሳልኖር አስቀይሮ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጧቸው ነበር። ዮኒ በር ላይ ቆሞ "ጋሼ፣ እኔ በዚህ የለሁበትም፣ ፖሊስ አትንኩ ብሏል" ይለዋል። ጀላልዲን አይሰማውም።

ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቅሁት። ቀና ሳይል እንዲህ አለኝ፦ "የመረጥሽውን ጎማ ልገጥምልሽ ነው። በረዶ ላይ የሚይዘውን። ፖሊስ ሲመጣ ያንቺን ጎማ ያያል፣ ባልሽም መንዳት አይችልም ይባላል፣ አለቀ።"

"ወንድምህ ሆስፒታል ተኝቷል" አልኩት። አንተ ያልኩት ያኔ ነው። መፍቻውን ይዞ ቀና አለ።

"ማንን ነው አንተ የምትይው?"

"አንተን።"

የፈታው ጎማ መሬት ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ሄጄ ተቀመጥኩበት። ፖሊስ እስኪመጣ እንደማልነሳ ነገርኩት። ከካፖርቴ አንገት ላይ ይዞ ጎተተኝ። በግንባሬ ወደቅሁ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። እኔን ለመጎተት ሲል መፍቻውን አስቀምጦት ነበር፣ አነሳሁትና ክንዱን መታሁት። መታችኝ ብሎ ከሶ ከሆነ እውነቱን ነው። እንደገና ልመታው ስሰነዝር ዮኒ ከኋላ አቀፈኝ። ባይዘኝ እመታው ነበር። ይህም እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ፖሊስ የጠራው ዮኒ ነው። ጎማው ባለበት ተገኝቷል።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ከንፈሬን አይቶ ማን እንደመታኝ አልጠየቀኝም። ወንድሙ ደውሎለት ነበር። "ጎማው መቀየሩን ታውቅ ነበር?" አልኩት።

ውሃ ስጪኝ አለ። ሰጠሁት። ከዚያ ነገረኝ።

"ያስቀየረ ቀን ነው ያወቅሁት። እሷ ሳትመጣ መልሰው አልኩት። አንተ በገዛ ቤትህ ወንድ አይደለህም ወይ አለኝ። ረቡዕ ጠዋት ልነግርሽ ነበር። ብነግርሽ ግን ቁልፉን ጥለሽ እሱ ቤት ትሄጂ ነበር፣ ጠብ ይሆን ነበር። ቀስ ብዬ እነዳለሁ አልኩ።"

"እኔን አጠገብህ አስቀምጠህ" አልኩት።

"ታላቄ ነው፣ ዓሪፋ። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፣ ስለ ጎማው አላውቅም ብያለሁ ለፖሊስ። አንቺም እንደዚያ በይ።"

"ሴትዮዋስ?"

"ለእሷ ኢንሹራንስ አለ። ወንድም ግን ከየትም አይገኝም።"

ብላንካ ያለችው እዚያው ሆስፒታል፣ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው። ከእሱ ወጥቼ ወደ እሷ ሄድኩ። ልጇ በር ላይ አገኘችኝ፤ እንግሊዝኛ ትናገራለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት አላስገባችኝም። ልትሰድበኝ ስትል አየኋት፣ ግን አልሰደበችኝም። "እናቴ መኪናው ለምን አልቆመም እያለች ትጠይቃለች። ሌሊቱን ሙሉ የምትጠይቀው ይህን ብቻ ነው" አለችኝ። ለፖሊስ እነግራለሁ ብያት ወረድኩ።

እሁድ ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። የቤተሰብ ገመና በፖሊስ መዝገብ አይጻፍም፣ ጀላልዲን ይቅርታ ይጠይቅሻል፣ አንቺም ቃልሽን ተይው አሉኝ። በክብር አስቀመጥኳቸው። እሷን ለማየት ሆስፒታል ሄዳችሁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "እሷ" ያልኳት ማን እንደሆነች አልገባቸውም። ስሟን ነገርኳቸው። አልሄዱም ነበር። ስትሄዱ ጥሩኝ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ አልኳቸው። እስከዛሬ አልጠሩኝም።

ባለቤቴ ትናንት ደውሎ ይህን ቃል ከሰጠሽ ሆስፒታል እንዳትመጪ ብሎኛል። ዛሬ ጠዋት ንጹሕ ልብሱን፣ መነጽሩንና የስልኩን ቻርጀር ለነርሷ አስረክቤ ነው ወደዚህ የመጣሁት። ክፍሉ ድረስ አልገባሁም።

የተጻፈው በመርማሪው ተነቦልኛል። የሚስተካከል ወይም የሚወጣ ነገር ካለ ተጠይቄ፣ ጀላልዲንን መምታቴም ሆነ ባለቤቴ ስለ ጎማው ያውቅ እንደነበረ የተናገርኩት እንዳለ እንዲቆይ ብያለሁ። ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ተናግሬአለሁ፤ የጨመርኩት የለም፣ ለማንም ስል የደበቅሁት የለም። ፍርድ ቤት ብጠራ፣ ባለቤቴ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየኝ ቢሆንም፣ ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዓሪፋ ሙህዬ
የመርማሪ ፊርማ፦ ሲላስ ገብረክርስቶስ