ቀስት ያለባት ምልክት

ሐምሌ ላይ ዝናብ ያልያዘው ጎንደሬ የለም፤ እኔንም ይዞኝ የደብራችን ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ጣለኝ። በመስኮቱ ሳይ ጸሐፊው መሪጌታ አምሐ ኮምፒውተራቸው ላይ አቀርቅረዋል። የዜማ መምህርም ስለሆኑ ሰፈሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። የእኔ አፍ ደግሞ አያርፍም።

«የኔታ፣ ይህ ዴስክቶፕ ነው የቅዳሜ ገበያ?» አልኩ ገብቼ። ስክሪኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፋይል ነው፤ ከጀርባው ካለው የደብራችን ፎቶ የቀረው ጉልላቱ ብቻ ነው።

«ሳቂ፣ መቅደላዊት! የማላየው ነገር ሁሉ የጠፋ ነው።»

«ታዲያ ምን እየፈለጉ ነው?»

«ከመምህሬ ከየኔታ ህሩይ የተማርኩትን የጽጌ ዜማ። ትናንት ራሴ አዚሜ ቀዳሁት፤ ዛሬ ከጧት ጀምሬ ብፈልገው አጣሁት።»

«እያዩት ጠፋ በሉኛ!»

እኔም የረታሁ መስሎኝ ስብከቴን ጀመርኩ። ፋይሉ በየዓይነቱ ፎልደር ይግባ፤ ዴስክቶፑ ላይ ዕለት ዕለት ለሚከፍቱት ብቻ አቋራጭ፣ ሾርትከት የሚሉት፣ ይቀመጥ...

«አቋራጭሽን አርቂልኝ!» አሉ። «የየኔታን ድምፅ ያሳጣኝ እሱ ነው።»

ከዚያ ነገሩን ነገሩኝ። የኔታ ህሩይ አምና ክረምት ከማረፋቸው በፊት፣ መሪጌታ አርባ ዜማቸውን በስልክ ቀድተው ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብተው ነበር። ስልኩ ሞልቶ ስለነበር ዜማውን ከስልኩ አጠፉት። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ዴስክቶፑ ላይ የነበሩትን አቋራጮች ፍላሽ ላይ ገልብጠው፣ «ሁሉንም ይዣለሁ፤ አጥፋው» ብለው ኮምፒውተሩን ለጠጋኙ ሰጡ። ፍላሹ ሲከፈት ስም ብቻ ተገኘበት። ከዚያ ወዲህ ያላቸውን ሁሉ ዴስክቶፑ ላይ ይዘረግፋሉ።

«አቋራጭ ያሳየዎት ማን ነው?» አልኩ፣ ለመፍረድ ቸኩዬ።

«አንች ነሻ! አምና በትንሣኤ ሳምንት። ሁለት ደቂቃ አሳየሽኝና ጓደኞችሽ ሲጠሩሽ ሮጥሽ።»

አስታወስኩ።



«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዜማ መጽሐፉ ፊደል ራስ ላይ የሚደረደሩት የርክርክ ነጥቦች ዜማው ራሱ ናቸው?»

«ምን ነካሽ! ምልክት ናቸው እንጅ። ዜማው ያለው ከመምህሩ ጉሮሮ ነው።»

«ጥጓ ላይ ቀስት ያለባት ይህችም አቋራጭ ምልክት ናት። ዜማው ወዳለበት ትመራለች እንጅ ውስጧ ዜማ የለም። ያኔ መንገር ነበረብኝ።»

«ምነው ያኔ እንዲህ ባልሽኝ» አሉ ቀስ ብለው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«በይ ተቀመጭ፤ እንዳልሽው እናድርገው።»

ከዚያ ወዲህ ራሳቸው የቀዱትን ዜማ ሁሉ በየበዓሉ ስም ሰይመን አንድ ፎልደር ውስጥ አስገባን፤ ፍላሽ ላይም ፎልደሩን ራሱን ገለበጥን። የጽጌው «ድምፅ 17» ተብሎ ከቃለ ጉባኤዎች መካከል ተገኘ። ዴስክቶፑ ላይ አራት አቋራጭ ብቻ ቀረ።

«ሸጋ ነው» አሉ መሪጌታ። «እጄም አልራቀ፣ ዓይኔም አረፈ።»

እናንተም የምታነቡ፣ ጓዛችሁን ቦታ ቦታ አስይዙት፤ የሚፈለገው ቶሎ ይገኛል፣ ልብም አይባክንም። ምልክቷ ብትጠፋ በደቂቃ ሌላ ትሠራላችሁ። ዋናው ግን የት እንዳለ ሳታዩ «አጥፋው» አትበሉ። የምታስተምሩም እንደ እኔ ግማሹን ነግራችሁ አትሩጡ።

መሪጌታ የጽጌን አቋራጭ ራሳቸው ተጫኑ። የተቀዳው ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው፤ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ምነው ቆመ? ተበላሸ እንዴ?» አልኩ ደንግጬ።

«ደህና ነው። ስቀዳው የቆምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ከዚህ በኋላ የኔታ ህሩይ እንዴት ያዜሙት እንደነበር ጠፍቶብኛል።»