ወደ ውስጥ የሚሳብ «አዎ»

ማስክ ግዴታ በነበረበት ጊዜ፣ ግሮቭ ሲቲ የምሠራበት ዌርሃውስ ውስጥ አሜሪካዊው ማኔጀሬ ለዓመቱ የሥራ ግምገማ፣ ለሪቪው፣ ቢሮው ጠራኝ። ከሪቪው በኋላ ሰው ይቀነሳል ስለተባለ ልቤ ተንጠልጥሏል። እኛ እንግዲህ «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርግ የለ? «አንዳንዴ ታረፍዳለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሳብ አደረግኩ። ሰውዬው ክው አለ። ፊቴ በማስክ ስለተሸፈነ የደነገጥኩ መሰለው። «ማለቴ፣ ያን ያህል እንኳ አይደለም» ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ የጻፈውን ዲሊት አደረገው። «ብሬክ ላይም ትቆያለህ።» እሱም ልክ ነው፤ አሁንም ሳብ። «ኧረ ተረጋጋ!» ብሎ ውኃ አቀበለኝ። «ጠበቃችንም ማስረጃ ያልያዛችሁበትን ጥፋት ሪቪው ላይ አትጻፉ፣ ትከሰሳላችሁ ብሎናል» እያለ ያንንም አጠፋው። እኔ እኮ እየተስማማሁለት ነው! «በጣም ጥሩ ሠራተኛ» ተብዬ ፈርሜ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። ሳቋን ስትጨርስ ግን «ትራሹን ዛሬም ሳታወጣ ሄድክ አይደል?» አለችኝ። ሳብ አደረግኩ።

«እኔ ጋ አይሠራም! ማስረጃው ኪችን ውስጥ እየሸተተ ነው» አለችኝ።