የዕረፍት ቀን አድማጭ

እዚህ የተሰበሰባችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶችና የፋብሪካው ባልደረቦች ሆይ፣ የታላቅ ወንድሜን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። እሳቸው በባዶ ሙገሳ የሚደሰቱ ሰው አልነበሩምና፣ የሠሩትን ከነስሕተታቸው ባነብላቸው እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ።

ወንድሜ የተወለዱት ከጎሚስታው አባታችንና በልብስ ስፌት ቤታችንን ይደጉሙ ከነበሩት እናታችን ሲሆን፣ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በአባታችን ሱቅ ደጃፍ፣ የተነፈሰ የውስጥ ጎማ ውሃ በሞላ ገንዳ እየነከሩ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሲፈልጉ ነው። አባታችን «አየር ባይታይም መውጫውን አይደብቅም» ይሏቸው ነበር፤ ይህንንም ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲደጋግሙት ሰምተናል። ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት ጀምረው ከሒሳብ ጋር እየተስማሙ፣ ከስፖርት ጋር ግን እንደተኳረፉ ከጨረሱ በኋላ፣ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመካኒክነት ሙያ ቀስመው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቀጠሩ።

የተመደቡትም ዘይት ዘይት በሚሸተውና ጩኸቱ ደረት በሚያንቀጠቅጠው የኮምፕሬሰር ክፍል ነበር። በዚያ ፋብሪካ ክሩን ከዳር እስከ ዳር የሚወረውረው የታመቀ አየር በመሆኑ፣ ኮምፕሬሰሮቹ ከደከሙ ሽመናው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ከሸማኔዎቹ አንዷ አየር አነሰኝ ብላ ባመለከተች ቁጥር፣ ወጣቱ መካኒክ ግፊቱን ከፍ ያደርጉ ነበር። አብዝታ የምታመለክተው ደግሞ ከመስኮቱ ሥር የምትሠራ አንዲት ቀልደኛ ልጅ ስለነበረች፣ ባልደረቦቻቸው «የግፊት መለኪያውን መርፌ ወደ ላይ የሚሰቅለው ፍቅር ነው» እያሉ ይተርቧቸው ጀመር፤ ተረባቸውም መሬት ጠብ አላለም፣ ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ይሁን እንጂ ግፊቱ በጨመረ መጠን አየሩ መልሶ ያንስ፣ የመብራቱም ወጪ ይንር ስለነበር፣ አለቆቹ ሌላ ትልቅ ኮምፕሬሰር ሊገዙ ባሰቡበት ወቅት አዲስ የመጡት ሴት የፋብሪካው መሐንዲስ ወንድሜን ጠርተው፣ ቱቦው ቀዳዳ ካለው ግፊት መጨመር ቀዳዳውን መቀለብ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዷቸው። ቀጥለውም የፋብሪካው ማሽኖች ሁሉ ቆመው አየሩ ብቻ በቱቦው ውስጥ ሲቀር ምን እንደሚሰማ ጠየቋቸው። ወንድሜ ያን ሁሉ ዘመን ሲሠሩ ፋብሪካውን ዝም ባለበት ሰዓት ሰምተውት አያውቁም ነበር። በዕረፍት ቀን ሁለቱ አንድ ኮምፕሬሰር ብቻ አስነሥተው ባዶውን አዳራሽ ሲዞሩ፣ ከየመጋጠሚያው፣ ከየቫልቩ፣ ካረጀው የጎማ ቱቦ ሁሉ እንደ እባብ የሚያፏጭ ድምፅ ሰሙ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የተገኘው ከባለቤታቸው ማሽን ጀርባ ነበር። ወንድሜ ወደዚያ ማሽን በየቀኑ የሚመላለሱ ቢሆንም ከፊት ለፊቱ አልፈው አያውቁም ነበርና፣ ይህን ስሕተታቸውን አዲስ ለሚቀጠር መካኒክ ሁሉ ራሳቸው እየሳቁ ያስተምሩበት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚያፈሰው ቀዳዳ ሁሉ ተደፈነ፣ ግፊቱ ዝቅ አለ፣ አዲሱ ኮምፕሬሰር ሳይገዛ ቀረ፣ ከነበሩትም አንደኛው ለመጠባበቂያ ዐረፈ። ኮምፕሬሰሮቹ የክፍሉን ትኩስ አየር መሳባቸውን ትተው ከጥላው በኩል ቀዝቃዛውን እንዲስቡ ወንድሜ ግድግዳውን አስበሱ። በአየር ቱቦ ልብሱን የሚያራግፍ ሠራተኛ ሲያዩ «ንፋስ በነፃ ነው፣ ይሄ ግን መብራት ከፍሎ የገባ ነው» ብለው ቱቦውን ነጥቀው የልብስ ብሩሽ ያስጨብጡት ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በየዕረፍት ቀኑ የሳሙና ውሃቸውን ይዘው አዳራሹን መዞር ልማዳቸው ሆነ፤ «ጋሽ ጆሮ» የሚል ቅጽል ስምም በዚያው ወጣላቸው።

የሚያሳዝነው ያ ስም የወጣለት ጆሮ፣ የኮምፕሬሰር ክፍሉ ጩኸት ቀስ በቀስ ሲበላው ኖሮ መክዳቱ ነው። ወንድሜ ከዚያ አዳራሽ የሚያስወጣቸውን ቀን እንደ ሞት ይፈሩት ስለነበር ምስጢሩን ለባለቤታቸው ብቻ ነገሩ። እሳቸውም ምሳ አመጣሁ እያሉ በየዕረፍት ቀኑ ይመጡ ጀመር፤ ባለቤታቸው ቆመው ያደምጣሉ፣ ድምፁ ወደሚመጣበት ይጠቁማሉ፣ ወንድሜ በብሩሽ ሳሙናውን ይቀባሉ፣ አረፋው ሲነፋ መጋጠሚያውን ያጠብቃሉ። እንዲህ ሆነው ዓመታት ሠሩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ወንድሜ ማንም ያላወቀባቸው መስሏቸው ነበር እንጂ ጥበቃው፣ ሸማኔው፣ መሐንዲሷ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ አንድም ሰው ግን ትንፍሽ አላለም። በጡረታ የተሸኙ ዕለት መሐንዲሷ ተነሥተው ለባልም ለሚስትም እኩል ሽልማት ሲሰጡ ወንድሜ ነገሩ ገባቸውና፣ በሰው ፊት ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሞች የሚችሉትን ካደረጉ በኋላ፣ ከአልጋቸው አጠገብ የኦክስጅን ሲሊንደር ተተክሎላቸው በቤታቸው ይታከሙ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ባለቤታቸው ከማድቤት ሲመለሱ ቀጭን ፉጨት ሰምተው፣ ያን የድሮ ብሩሽ ከመሳቢያ አውጥተው የቱቦውን መጋጠሚያ ሳሙና ሲቀቡት አረፋው ብቅ አለና አጠበቁት። ወንድሜ አይሰሙም፣ ግን አረፋውን አይተዋል፤ ፈገግ ብለውም «ቱቦው ደኅና ነው፤ የሚያፈሰው እኔ ነኝ፤ በቃ ተይው» አሏቸው። ባለቤታቸው ግን አልተዉም፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጆሯቸውን ከወንድሜ ደረት ላይ አላነሱም። በዕረፍት ቀን ጠዋት፣ ጎዳናው ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ የሚያደምጡት ትንፋሽ ቆመ። ቤታችን ከዚያ ቀን ወዲህ ባዶ ሆኖብናል፤ እኔም ታላቄን፣ መካሪዬን አጥቻለሁ።

ወንድሜ በሕይወት ትተዋቸው የሄዱት የሚወዷቸውን ባለቤታቸውን፣ ነርስ የሆነች ልጃቸውን፣ የአውቶቡስ ሹፌር የሆነ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ታናሻቸውን ነው። በሕመማቸው ላልተለያችሁን፣ ዛሬም ኀዘናችንን ለተካፈላችሁን ሁሉ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈልልን። የእሳቸውንም ነፍስ፣ የደከመ አካላቸውን አይቶ፣ ጩኸት ከማይደርስበት ማረፊያ ያግባልን።

ባለቤታቸው አንድ ነገር ብቻ ለምነውናል፤ ፋብሪካው በዕረፍት ቀን እንደሚያደርገው፣ ከመበተናችን በፊት ሁላችንም ጥቂት ዝም እንድንል። እንግዲህ ዝም እንበል። የሚሰማ ነገር ካለ ባለቤታቸው ይነግሩናል።