የልብስ ሰፊው መንጋጋ

ልብስ ሰፊው ጉንጩን በሻርፕ ጠቅልሎ ወደ ጥርስ ሐኪም ቤት ሲጣደፍ በሩ ላይ ማንን ቢያገኝ ጥሩ ነው? የመንጋጋ ሕክምና ተምራ የመጣችውን የወንድሙን ልጅ! እሱ እኮ በጠዋት የወጣው እሷን ሸሽቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ደግሞ ምን ሊሆኑ ነው?»

«ጥርሴን ላስነቅል ነዋ! ባለፈው አንዱን ባስነቅል ሕመሙ ወይ ፍንክች። ጥፋተኛው ጎረቤቱ ነው ማለት ነው።»

«ሐኪሙ ጤነኛ ነው አላለዎትም?»

«ብሏል። ታዲያ የሚያመው እሱን ነው እኔን?»

«እሺ፣ ይነቀላል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ኪስ ሲሰፉ ልይ።»

አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነውና እምቢ ማለት አይሆንለትም። እያጉረመረመ ሱቁን ከፈተ። እንደ ልማዱ እስፒሎቹን በጥርሱ ነክሶ የስፌት መኪናውን ረገጠ፤ ሲጨርስም ክሩን በመንጋጋው በጠሰው።

«ያዝኩዎት!» አለችና ጣቶቹን ከጆሮው ፊት አስቀመጠችለት። «አሁን አፍዎን ይክፈቱ።»

ቀጭ አለ። ልብስ ሰፊው ዓይኑ ፈጠጠ። «ውይ! ምንድነው እሱ?»

«የመንጋጋዎ መገጣጠሚያ ነዋ። ጥርስዎን ያመመዎት ይመስልዎታል እንጂ ሕመሙ የሚነሳው ከመገጣጠሚያውና ከዙሪያው ጡንቻ ነው። ቀን እስፒል ነክሰው፣ ክር በጥሰው፣ ማታ በእንቅልፍ ልብዎ ጥርስ እያፋጩ፣ መቼ ይረፍ?»

«አባቴም እንዲሁ ነበር የሚሰፋው። ክር በመቀስ የሚቆርጥ ጀማሪ ነው!»

«አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉንጫቸውን ይዘው ኖሩ ብለው የነገሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ልብስ ሰፊው ጉንጩን ዳበሰ። እውነቷን ነው። እሱ የእርጅና መስሎት ነበር። ከወላጅ ሙያ ስንወርስ ሕመሙንም ሳናስተውል እንደምንረከብ ማን ያስባል!

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ልጄ?»

«ለጊዜው ጠንካራ ነገር አያኝኩ፤ ሞቅ ያለ ፎጣ ይያዙበት። ሲያዛጉ አገጭዎን ደገፍ ያድርጉ። ካልበሉ በቀር ከንፈርዎ ይገጠም፣ ጥርስዎ ግን አይነካካ። አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ይሻላል። ካልተሻለዎ ወይም አፍዎ አልከፈት ካለ ሕክምና አለ። የተነቀለ ጥርስ ግን አይመለስም፣ ጋሼ!»

ይህን ብላ ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ መቀስ አንስታ በጥብጣብ አንገቱ ላይ አንጠለጠለችለት፤ እስፒሎቹንም እጁ ላይ ባሰረችለት ወፍራም ጨርቅ ላይ ሰካችለት።

«ደንበኞቼ ይስቁብኛል» አለ።

«ይሳቁ። እርስዎም አብረው ይስቃሉ።»

ሳምንታት አለፉ። ሕመሙ ቀስ በቀስ ረገበ፣ እንቅልፉ ተመለሰ፣ ምግብ እንደ ልብ ማላመጥ ጀመረ፤ ያ ምስኪን ጥርስም ከነጤናው ተረፈ። አንድ ቀን ልጅቷ ወደ ሥራ ስትበር የካፖርቷ ቁልፍ ቢረግፍ ሱቁ ገባች። ያደገችበት ቤት አይደል፣ መርፌውን ራሷ አንስታ ሰፋችና ክሩን በጥርሷ ቀጭ!

«ያዝኩሽ!» ብሎ ጮኸ ልብስ ሰፊው። መቀሱን ከአንገቱ አውልቆ አንገቷ ላይ አጠለቀላት። «እኔ ሌላ እገዛለሁ። አንቺ ጥርስሽን ለምግብና ለሳቅ ተዪው።»

ልጅቷ በእፍረት ፊቷን ስትሸፍን፣ እሱ አፉን በሰፊው ከፍቶ ሳቀ። ምንም አላመመውም።