አልታየም እንጂ የለም አልተባለም

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው ወይዘሮ አለምነሽ ዶላሞ፣ ይህ ጽሑፍ በቀብራቸው ዕለት ሳይቆረጥና ሳይለሳለስ ከዚህ መድረክ ላይ እንዲነበብ፣ የሚያነበውም ሰው ማን እንደሚሆን ጭምር ከሁለት ዓመት በፊት ለልጃቸው ለቤቴል ተናዝዘዋልና፣ ቃላቸው እነሆ ይከበራል። «ሰው ስለ እኔ የሚያውቀው ግማሹን ነው፤ ግማሽ ወሬ ደግሞ ሰው ገድሏል፤ ሙሉው ይነገር» ነበር ያሉት።

ወይዘሮ አለምነሽ ከአባታቸው ከአቶ ዶላሞ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማርያም፣ ከጂንካ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኝ የአሪ ገበሬዎች መንደር በ1961 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም ጂንካ ገብተው፣ አማርኛን ከፊደል ጋር አብረው ለምደው፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የልብስ ስፌት ሙያ ተምረው፣ ከገበያው ዳር በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ተከሉ። አማርኛቸው የጠራ ቢሆንም ሜትር ይዘው የሰው ትከሻ ሲለኩ የሚቆጥሩት በአሪኛ ነበር፤ ሲቆጡም እንዲሁ በአሪኛ ስለሆነ፣ ብዙ ደንበኛ መሰደቡን ሳያውቅ አመስግኖ ይሄድ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ከወላይታ መጥተው በጂንካና በቀይ አፈር መንገድ የጭነት መኪና ይነዱ ከነበሩት ከአቶ አንጁሎ ጋር በቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አቶ አንጁሎ ያልተቀደደ ሱሪ ሊያሰፉ ሦስት ጊዜ የተመላለሱ ሰው እንደነበሩ የሚያውቁ ሁሉ ያስታውሳሉ። በ1987 ዓ.ም. ቤቴልን፣ በ1990 ዓ.ም. ማቲን ወለዱ።

ሆኖም በ1993 ዓ.ም. አቶ አንጁሎ ለወራት ከስተው አረፉ፤ በዓመቱ የአራት ዓመቱ ማቲ አባቱን ተከተለ። እናትና ልጅ ሲመረመሩ ቤቴል ነጻ ሆነች፤ በወይዘሮ አለምነሽ ደም ውስጥ ግን ኤች አይ ቪ ተገኘ። ያኔ መድኃኒቱ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና፣ ቀጣዩ ለቅሶ የማን ቤት እንደሆነ ሰፈሩ በልቡ ቆርጦ ይጠብቅ ጀመር። እሳቸው ግን ዓመት ዓመትን ሲተካ አልታመሙም። ይሞታሉ ሲባሉ መኖራቸው እንደ በደል ተቆጠረባቸው፤ የባላቸው ዘመዶች «ደመ መራራ» አሏቸው፣ ደንበኞችም መርፌያቸውን ፈርተው ከበረንዳው ሸሹ። ማንም ወደማያውቃቸው ወደ ቀይ አፈር የሐሙስ ገበያ እየሄዱ እየሰፉ ቤቴልን አሳደጉ።

መድኃኒት መጥቶ የታማሚዎች ማኅበር ሲቋቋምም ወገን አገኘሁ ብለው ሄደው ነበር። በጊዜው መድኃኒቱ የሚሰጠው የመከላከያ አቅሙ ለወረደ ሰው በመሆኑ፣ የእሳቸው አልወረደምና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ የማኅበሩ ሴቶችም «አንቺ ከእኛ ጋር ምን አለሽ?» ብለው በጥርጣሬ ያዩአቸው ጀመር። ጤነኛው ታማሚ ናት ይላል፣ ታማሚው ጤነኛ ናት ይላል፤ ከሁለት ያጣ ሆኑ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ይህን ማሽሞንሞን አያስፈልግም።

በ1999 ዓ.ም. ባለሙያዎች በሁኔታቸው ተገርመው ደማቸውን ወደ አዲስ አበባ ላኩት። በተመለሰው ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ነበረ፤ የመጀመሪያው ቫይረሱ መኖሩን ያረጋግጣል፣ ሁለተኛው ብዛቱ ሲለካ «አልታየም» ይላል፤ ማለትም መሣሪያው ሊቆጥረው እስከማይችል ድረስ አንሷል ነው። ወረቀቱን የሰጠቻቸው ነርስም «እንዳይሳሳቱ፣ አልታየም እንጂ የለም አልተባለም» ብላ አስጠንቅቃቸው ነበር። ደስታቸውን የሚያካፍሉት ሰው ቢያጡ ወረቀቱን ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ለአቶ ዓባይነህ አሳዩ። አቶ ዓባይነህ የመጀመሪያውን መስመር ዘለው፣ ሁለተኛውን አንብበው አለቀሱ፤ በእሑዱም መድረክ ላይ ወጥተው «ቫይረሱ የለም፣ እህታችን ድናለች» ብለው አነበቡት። ጉባኤው በእልልታ ተነሣ። ወይዘሮ አለምነሽ ስድስት ዓመት ሙሉ እጃቸውን የጨበጠ ሰው አልነበረምና፣ በዚያ ቀን መቶ ሰው ሲያቅፋቸው፣ ወረቀቱ እንዲህ አይልም ለማለት አፋቸው አልከፈት አለ። ባለማወቅ ሳይሆን እቅፍ ናፍቋቸው እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል።

ከአቀፏቸው አንዷ ከመዘምራኑ ወገን የሆነችው ኢየሩሳሌም ነበረች፤ መድኃኒት ከጀመረች ስምንት ወሯ ነበር። በዚያው ሳምንት፣ እትዬ አለምነሽ በእምነት ከዳኑ እኔስ ብላ፣ ለማንም ሳትናገር ክኒኗን ጣለች። በዓመቱ ሰፍቷት ቀሚሷን እንዲያጠብቡላት ስታመጣ፣ ወይዘሮ አለምነሽ ወገቧን ለክተው በአሪኛ ሲቆጥሩ ቁጥሩ ከለመዱት በፊት አለቀባቸው። ሜትሩን ጥለው እውነቱን ነገሯት፣ ክንዷን ይዘው ወደ ሆስፒታል ወሰዷት፤ ነገር ግን ረፍዶ ነበርና ኢየሩሳሌም በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በሃያ አራት ዓመቷ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ አለምነሽ በዚህ ቤት ከበሩ አጠገብ ካለው የመጨረሻ አግዳሚ አልፈው ተቀምጠው አያውቁም። አቶ ዓባይነህ ያነበቡትን ከዚያው መድረክ ላይ እንዲያስተካክሉ ሦስት ጊዜ ለምነዋቸው፣ ሦስቱንም ጊዜ «የሰው እምነት ይናጋል» የሚል መልስ ተሰጣቸው።

በ2006 ዓ.ም. ዶክተር ሚልክያስ የተባሉ ተመራማሪ መጥተው፣ የወይዘሮ አለምነሽን ደም መርምረው ጉዳዩን በእርጋታ አስረዷቸው። የሰው ሴል ቫይረስ ሲገባበት የቫይረሱን ቁራጭ በውጭ አውጥቶ ለሰውነት ጠባቂዎች ያሳያል፤ ቁራጩን የሚይዘው ነገር ቅዱ፣ ማለትም የተሠራበት ቅርጽ፣ ከእናትና ከአባት በዘር የሚወረስ ስለሆነ ከሰው ሰው ይለያያል። ቫይረሱም መልኩን እየቀያየረ ከብዙው ሰው ጠባቂዎች ያመልጣል፤ ካፖርቱን እንደሚለውጥ ሌባ ማለት ነው። የእሳቸው ቅድ ግን የሚይዘው ካፖርቱን ሳይሆን የእግሩን አነካከስ ነው፤ ይኸውም ቫይረሱ ልቀይር ቢል ራሱ የሚደክምበትን ክፍል። ይህም ጥቂት ሰዎች ብቻ ይዘውት የሚወለዱት ነገር ነው። ወይዘሮ አለምነሽ ከብዙ ዘመን በኋላ ስቀው «ለሰው መረረ የተባለው ደሜ ለካ የመረረው ለእሱ ነው» አሉ።

ሳቃቸው ግን አልቆየም። ልጅ ከእናቱ ግማሹን ብቻ እንደሚወስድ ሲሰሙ ስለ ማቲ ጠየቁ። ዶክተሩም የማቲ ደም ስለሌለ ማወቅ አይቻልም፣ ምናልባት ሌላኛውን ግማሽ ወስዶ ይሆናል አሉ። ምናልባት የሚለው ቃል ለወይዘሮ አለምነሽ አልጠቀማቸውም፤ ለእኔ የሆነኝን ለልጄ ሳላወርሰው ቀረሁ እያሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው አዝነዋል።

በ2009 ዓ.ም. ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ መድኃኒት ይጀምር ሲባል፣ ዶክተሩም እንዲህ ያለ ደም ቢሆን ዕድሜ ልክ ላይጠብቅ ይችላል ብለው ስለመከሯቸው እሳቸውም ጀመሩ። ለክኒኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፉበት ቀን ከፊታቸውም ከኋላቸውም ሰው መኖሩን ለቤቴል እየደጋገሙ አውርተውላታል። በዚያ ሰልፍ ላይ ክኒኑ የሰለቸውን ወጣት ሁሉ «እኔን አትይ፣ እኔን አትመልከት፤ የእኔ አወላለድ ነው፣ ያንተ መድኃኒትህ ነው» ሲሉ ኖሩ።

ሰውነታቸው ከሃያ ዓመት በላይ ለቫይረሱ እጅ ሳይሰጥ ቆይቶ፣ በደም ግፊት ምክንያት በጭንቅላታቸው ደም ፈስሶ በሦስተኛው ቀን፣ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው አርፈዋል። በትራሳቸው ሥር ያ የ1999 ወረቀት ተገኝቷል። ለማን እንደሚሰጥ በጀርባው በእጃቸው ጽፈውበታል፤ ለአቶ ዓባይነህ፣ ሁለቱንም መስመር እንዲያነቡ ይላል።

አቶ ዓባይነህ ይህን የሚያነብላችሁ ሰው ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ዘግይቶ፣ በዚያው መድረክ ላይ ቆሞ እንዲህ ያነባል፦ ቫይረሱ ተገኝቷል። ብዛቱ አልታየም። የለም አይልም፤ ያን ጊዜም አላለም። በዚህ ጉባኤ መካከል ክኒኑን በዚያ ቃል ምክንያት የተወ ካለ ዛሬውኑ ይመለስ።

ወይዘሮ አለምነሽ አንዲት ሴት ልጅና ሁለት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል። የወደዳቸው አምላክ ከበሩ አጠገብ አንሥቶ ወደ ፊት ያስቀምጣቸው፣ ከማቲያቸውም ጋር ያገናኛቸው፤ ለቤቴልና ለቤተሰቡ መጽናናትን፣ ለኢየሩሳሌም እናትም፣ እዚያው በመጨረሻው አግዳሚ ላይ ለተቀመጡት፣ ይህን አንባቢ ይቅር የሚሉበትን ልብ ይስጥልን። አሜን።