በጥሩንባ የተነገረ ውግዘት

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ክረምት፣ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ አቃቂ በተመለስኩ በሳምንቱ፣ አባባ አሻግሬን ባቡር ጣቢያው በረንዳ ላይ ዝናብ ሲጠለሉ አገኘኋቸው። አባባ አሻግሬ ሠላሳ ዓመት በዚሁ ጣቢያ ባቡር ሲያሳልፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የሰፈራችን እድር ዳኛ ናቸው። እኔ ሽማግሌ ፊት መናገር አይሆንልኝም። የዚያን ቀን ግን የጎረቤታችን የወርቅነሽ እናት ጧት ዐርፈው፣ ሬሳቸውን የሚሸከም ሰው ጠፍቶ ነበር።

«አባባ፣ እማማ አስካለማርያም ዐረፉ።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ነፍስ ይማር። ደግ ሴት ነበሩ።»

«ቀብር ይመጣሉ?»

«ልጅቷ ተወግዛለች እኮ። ከእድርተኛችን ከሰቦቃ ቀብር ቀረች፤ ማንም ደጇን እንዳይረግጥ በጥሩንባ ተነገረ። ያስነገርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ እኔው ብሄድ ነገ ማን ይሰማኛል?»

«ለምን እንደቀረች ጠይቀዋት ነበር?»

«የተወገዘ ሰው ምን ይጠየቃል?»

«ከመወገዟ በፊት ማለቴ ነው።»

«የሚያስተምሯችሁ ሽማግሌ መመርመር ነው እንዴ?» አሉ፤ ፈገግ ለማለት ሞክረው አልሆነላቸውም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወቀሳና ውግዘት አንድ አይደሉም ብዬ ነው። ወቀሳ ለሰውየው ለራሱ ይነገራል፤ መልስ ይሰጥበታል። ውግዘት ግን ስለ እሱ ለሌላው ሰው የሚነገር ነው። ከዚያ በኋላ ቢናገርም የሚሰማው የለም።»

«ታዲያ ጥፋት በዝምታ ይታለፍ?»

«አይታለፍ። አደራ የሚበላ፣ ደካማ የሚበድል ይወገዝ፤ አስቀድሞ ግን ይሰማ። እርስዎ ሐዲዱ ነጻ መሆኑን የዱከምን ጣቢያ በስልክ ሳይጠይቁ ባቡር ያሳልፉ ነበር?»

«ምን ነካሽ? ሰው ላስፈጅ?»

«ሰቦቃ የተቀበረው የሐምሌ ሥላሴ ዕለት ነው። ወርቅነሽ መርዶውን ሳትሰማ ሽንኩርት ልታመጣ ሞጆ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ጎርፍ ሐዲዱን ሸፍኖ ባቡሩ ዱከም አደረ።»

አባባ አሻግሬ ወደ ሐዲዱ ዞሩ።

«ያን ባቡር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከቀብር ተመልሼ እዚሁ ተቀምጬ ጠብቄው ነበር፤ ሳይመጣ ቀረ።»

ሊያውቁት የሚችሉት ነገር ዓይናቸው ሥር ነበር። አልጠየቁም እንጂ።

«እናትየው ሲታመሙ ማን ነበር አጠገባቸው?»

«ልጃቸው። እኔም ከመጣሁ ወዲህ። ትናንት ‹ሰፈሩን ምን በደልነው?› አሉኝ።»

ባርኔጣቸውን እንደያዙ ወደ ዝናቡ ወጡ። «ጥሩንባ ነፊውን ጥሪልኝ። የተሳሳትኩት በአደባባይ ነው፤ የማነሣውም በአደባባይ ይሁን።»

ጥሩንባው ሲሰማ ወርቅነሽ በሯን ከውስጥ ዘጋች። ባለፈው በደጇ ሲያልፍ ስሟን ጠርቶ ነበርና። አባባ አሻግሬ ሸካሚዎች አስከትለው መጥተው እስክትከፍት ድረስ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ስትከፍት፣ «ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ፤ ማሪኝ ልጄ» አሏት። እሷም በሩን ለሸካሚዎቹ ለቀቀች።

ከዚያ ወዲህ በእድራችን ሰው በሁለት ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ሳይሰማ አይወገዝም። ጥፋት የመሰለው ብዙውን ጊዜ ችግር ሆኖ ይገኛል፤ የቀረው በወቀሳ ይታረማል። በአራት ዓመት ውስጥ የተወገዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በደሉን በአፉ አምኖ። የውግዘት ቃልም ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ ይፈራል፣ በከንቱ አይነገርምና።

እማማ አስካለማርያም ግን ለጥያቄያቸው መልስ ሳያገኙ ሄዱ።