የንጉሡ ካባና የእናትየዋ ግድግዳ

ጅግጅጋ ያር ከሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ወደ መሀል ከተማ በሚወርደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ከአገር ቤት የመጡ ሁለት ግድግዳ ለሳኞች ናቸው፤ ሲሚንቶ ልብሳቸው ላይ ደርቋል። ባለኮፊያው ጀመረ።

«ትናንት ያየነው የንጉሡ ፊልም ግን ምን ይወጣለታል! ያ ሁሉ ፈረስ፣ ያ ሁሉ ሠራዊት!»

«አዎ፣» አለ ጓደኛው፣ «ንጉሡ ሦስት ወር ሲዋጋ ካባው አንድም ቀን አልተጨማደደም። ካውያውን በፈረስ ጭኖ ነው መሰለኝ የዘመተው።»

«አቦ፣ አንተ ደግሞ!»

«ቤተ መንግሥቱስ? የጥንት ነው ይሉናል፣ ግድግዳው በጄሶ ተለስኗል። ጥጉ ገና አልደረቀም።»

«ፊልም የምታየው ግድግዳ ልትቆጣጠር ነው እንዴ?»

«ታዲያ ለሳኝ ምን እንዲያይ ፈለግህ?»

«አንተ የምትወደው የእናትየዋ ፊልም ይሻላል? አንዲት እናት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ጀሪካን! ዳይሬክተሩ ጀሪካኑንም የተዋሰው ከጎረቤት ነው።»

«የሷ ግድግዳ ግን የእውነት ነው። ጭቃው ከአልጋዋ በላይ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁን በጨርቅ ወትፋዋለች።»

«ይሄም ሙያ ሆኖ ይደነቃል? ወላሂ፣ እኔ ብሆን በግማሽ ቀን ለስኜላት እወጣ ነበር።»

«እኔም እናቴን በስልክ የምላት ይህንኑ ነው። ‹ለግድግዳሽ ግማሽ ቀን ይበቃዋል፣ መጣሁ› እላታለሁ። እዚህ ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነው።»

ባለኮፊያው ሱሪው ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ።

እኔ እስክወርድ ድረስ በመንገዱ ዳር አዲስ የተለሰኑትን ቤቶች እያየሁ ሄድኩ።